ጋሼ ቡሎን የከደነው በርሜል

ሰውዬው ቡሎን የተባለው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ አይደለም። አንዴ ያጠበቀውን ነገር ከሱ በቀር የሚፈታው ስለሌለ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የናፍጣ መኪና ሲፈታና ሲያስር የኖረ እጅ ቤት ሲገባ አርፎ አይቀመጥማ! ቧንቧ ሲዘጋ ቧንቧው ሲጥ ይላል። የስኳር ጣሳ ሲከድን ጣሳው እስር ቤት ገባ ማለት ነው። ሚስቱ ሻይ ሲያምራት ወይ እሱ ከጋራዥ እስኪመለስ ትጠብቃለች፣ ወይ ጣሳውን አቅፋ ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ትሄዳለች።

«እስኪ ይሄን ፍታልኝ፣ ያ ቡሎን አስሮብኝ ሄደ።»

ዳቦ ጋጋሪው በጉልበቱም በጨርቅም በበር መቃንም ታግሎ ሲያቅተው፣ «እትዬ፣ ዛሬ መራራውን ይጠጡት እንግዲህ» ብሎ ይመልሳታል።

በዚያ ቤት ውስጥ ቡሎን እጁን የማያስገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ጓሮው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን የሰው ልብስ ስትሰፋ ትውላለች፣ ጠዋት ጠዋት ግን የጓሮ ሰው ናት። ከግንቡ ስር ሰማያዊ በርሜል አላት። የድንች ልጣጭ፣ የደረቀ ቅጠልና የዶሮ ኩስ አከማችታ ብስባሽ ትሰራለች፤ ብስባሹን በጨርቅ ከረጢት ቋጥራ በርሜሉ ውሃ ውስጥ ትነክራለች፤ ሁለት ቀን ስታማስለው ከርማ ያንን ቡናማ ውሃ ለአትክልቶቿ ታጠጣለች። «ሻይ» ነው የምትለው። «ሻያቸውን ላጠጣና መጣሁ» ትላለች፣ ጓሮ ውስጥ እንግዳ ያስቀመጠች ይመስል።

ቡሎን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይጮሃል። «እኔ እዚህ ቁርሴን እጠብቃለሁ፣ አንቺ ለጎመን ሻይ ታፈያለሽ!»

«ጎመኑ ካንተ ይሻላል፣ ቢያንስ አይጮህም» ትለዋለች።

እንዲህ እየተባባሉ ኖሩ። አንድ ቀን ሴትዮዋ መጋረጃ ልትሰቅል መሰላል ላይ ወጣች። ስትወርድ መሰላሉ ቀደማት። እግሯ ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረና እስከ ጭኗ ድረስ ጀሶ ለበሰች። ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ ትተኛ ተባለ። አልጋዋን የመንገዱ መስኮት ስር አደረጉላት፤ እዚያ ሆና ቁልፍ እየተከለች፣ ጠርዝ እየቀመቀመች፣ ደንበኞቿንም በመስኮት ታነጋግራለች። መንገዱን በሙሉ ታያለች፤ ጓሮዋን ግን አንዲት ቅጠል አታይም።

ጓሮው ውስጥ ደግሞ አስራ ሁለት የቲማቲም ችግኞች ነበሩ።

ይሄ ቲማቲም እንደ ማንኛውም ቲማቲም እንዳይመስላችሁ። የእናቷ ነው። ገላው እንደ ዱባ የተሸነሸነ፣ ሲበስል እንኳ ትከሻው አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር፣ ገበያ ላይ ማንም የማያውቀው ዓይነት። እናትየዋ ከመሞታቸው በፊት ዘሩን በትንሽ ጠርሙስ ሰጧት፤ እሷም በየዓመቱ እየዘራች፣ በየዓመቱ ዘር እየያዘች፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ውታፍ ወትፋ መደርደሪያ ላይ ታኖረው ነበር። በጨርቅ የወተፈችው ቡሎን እንዳይነካው ነው፤ እሱ ከነካው መቼም አይከፈትማ። ባለፈው ክረምት ግን በውታፉ በኩል እርጥበት ገብቶ ዘሩ ሻገተ። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ በመርፌ ጫፍ እየለየች ደህና የመሰላትን ሁሉ ዘራች። አስራ ሁለት በቀለ። ጠርሙሱ ባዶ ነው። የእናቷ ቲማቲም በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እዚያ መደብ ላይ ያለው ብቻ ነበር።

«ስማኝ» አለችው ባሏን፣ ጀሶ የለበሰ እግሯን ትራስ ላይ እንዳጋደመች። «የቧንቧ ውሃ ቅዳና አንድ ቀን ዝም ብሎ ይደር፤ ያ የሚሸተው መድኃኒት ይትነንለት። ከዚያ ብስባሹን በከረጢት ቋጥረህ ንከረው። ሁለት ማንኪያ ስኳር ጣልበት።»

«ስኳር? ለቲማቲም?»

«ለቲማቲሙ አይደለም። ውሃው ውስጥ ላሉት ነው።»

«እነማን ናቸው ደግሞ ውሃው ውስጥ ያሉት?»

«አትጨቅጭቀኝ። ጠዋትና ማታ ደህና አድርገህ አማስለው። ሁለት ቀን ብቻ። በሶስተኛው ቀን አንዱን ጣሳ በአስር ጣሳ ውሃ አቅጥነህ ስራቸው ላይ ታጠጣለህ። ገባህ?»

«እኔ የሞተር ሆድ ዕቃ ዘርግፌ የምመልስ ሰው ሻይ ማፍላት ያቅተኛል?»

«አንተ ሰው...» አለችና ድምጿ ቀጠነ። «ሌላ ዘር የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«አፉ ክፍት ይሁን። እንዳትከድነው።»

«እሺ አልኩሽ’ኮ!»

እሺ ማለትና መስማት ለየቅል ናቸው።

ቡሎን ውሃውን ቀዳ፣ አሳደረ፣ ከረጢቱን ነከረ፣ ስኳሩንም ጣለ። እስከዚህ ድረስ ሰው ነበር። ከዚያ ወደኋላ ሁለት እርምጃ ብሎ በርሜሉን ሲያየው አፉን ከፍቷል። ዝንብ ይገባበታል። ቅጠል ይወድቅበታል። ከሁሉም በላይ ግን አየር ይገባበታል። አየር! የናፍጣ መካኒክ በሕይወቱ አንድ ጠላት ቢኖረው አየር ነው። የነዳጅ መስመር ውስጥ የጥፍር ታህል አየር ከገባች ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ጩኸት መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ቡሎን ስንቱን የቆመ የጭነት መኪና መኪናው ስር ተኝቶ አየሩን አስወጥቶ አስነስቷል! አየር የገባበት ነገር አይሰራም። ይሄን ከስሙ በላይ ያውቀዋል። አሁን በርሜል ከፍተህ ተወው ሲባል፣ ለሐኪም ቁስሉን ሳትሸፍን ተወው እንደማለት ሆነበት።

«እሷ ስለ መርፌ ትወቅ» አለ ለራሱ።

ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ክብ ቆረጠ፤ በጋራዥ ቋንቋ ጓርኒሲዮን ነው፣ በሁለት ብረት መሀል ገብቶ ትንፋሽ የማያሳልፈው። ግሪስ ቀባው። ክዳኑን አስቀምጦ የብረት ቀለበቱን አጠለቀና ዙሪያውን አጠበቀ። አንዴ አጠበቀ፣ ደግሞ አጠበቀ። በመዶሻ ኳ አድርጎ ድምጹን አዳመጠ። «አሁን ሰው ሆንክ» አለው በርሜሉን።

ማማሰሉስ? የታሸገ ነገር ራሱን ያበስላል፣ ምን ያማስሉታል። በዚያ ላይ በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ሞተሩ ነክሶ አልዞር ያለ የጭነት መኪና ገባና ሁለት ቀን የተባለው ስድስት ቀን ሆነ።

በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀለበቱን ሲፈታው በርሜሉ «ፍስስስስ» አለ። ከዚያ ሽታው ወጣ። ምን ልበላችሁ! የበሰበሰ እንቁላል የሞተ አይጥ አግብቶ፣ ለሠርጋቸው የወታደር ካልሲ የተቀቀለ ነው የሚመስለው። ግንቡ ላይ ተኝታ የነበረች ድመት ተነስታ ሄደች፤ ለሶስት ቀን አልተመለሰችም።

የዳቦ ጋጋሪው ጭንቅላት ከግንቡ በላይ ብቅ አለ፤ አፍንጫውን በሽርጡ ይዟል።

«ጋሼ፣ ማን ሞቶብዎት ነው? ለቅሶ እንድደርስ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ!»

«መድኃኒት ነው!»

«የምን መድኃኒት? ለመግደያ?»

«አንተ ዳቦህን ጋግር!»

«ምኑን ልጋግር ጋሼ፣ ሊጡ አፍንጫውን ይዞ አልነሳም አለ’ኮ!»

ከፊት ክፍል ደግሞ የሚስቱ ድምፅ መጣ። «አንተ! ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የመንገዱ ፍሳሽ ቱቦ ፈንድቶ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ከየት እንደመጣለት ራሱም አላወቀ።

ሴትዮዋ ዝም አለች። እሱም ዝምታዋን እንደማመን ቆጠረው።

ከዚያ ሌላውን ጥፋት ጨመረበት። አንድ ጣሳ በአስር የተባለውን ትዝ ሲለው ሳቀ። ሚስቱ ቆጣቢ ናት፤ ሳሙና እንኳ እስክትሳሳ ነው የምታጥብበት። መድኃኒት ደግሞ ሲመር ነው የሚያድነው። ጥቁሩን ውሃ እንዳለ በባልዲ ቀድቶ ከመጀመሪያው ችግኝ ጀምሮ አጠጣ። አስራ አንደኛው ላይ ባልዲው አለቀ። አስራ ሁለተኛዋ ከግንቡ ጥግ ያለች፣ ከሁሉም የቀጨጨች ናት። ሽታው ራሱን አዙሮት ስለነበር ነገ ትጠጣለች ብሎ ትቷት ገባ።

እሁድ ቅጠሎቹ ተንጠለጠሉ። ሰኞ አንገታቸውን ደፉ። ማክሰኞ አስራ አንዱም መሬት ላይ ተኝተው ነበር፤ ግንዳቸው ከስር ጠቁሮ፣ በጣት ሲነኩት እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ይላጣል። ቡሎን መደቡ ዳር ተቀመጠ። የብዙ ሞተር ሬሳ አይቷል፤ ሞተር ግን ይፈታል፣ ይታጠባል፣ መለዋወጫ ይገዛለታል። ለዚህ መለዋወጫው ጠርሙስ ውስጥ ነበር፤ ጠርሙሱም ባዶ ነው።

ወደ ፊት ክፍል ሲገባ ሚስቱ ክር በመርፌ እያስገባች ነበር።

«እንዴት ናቸው?» አለችው ቀና ሳትል።

አፉን ሲከፍት እውነቱን ሊናገር ነበር፤ ይሄን እግዜር ያውቃል። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ምን ይሆናሉ! ሻያቸውን ጠጥተው ቀጥ ብለዋል።»

«አስራ ሁለቱም?»

«አስራ ሁለቱም።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የቡሎን ውሸት ግን እያደር ከበደ፤ ቲማቲም ነዋ፣ ያድጋል! በየቀኑ ማሳደግ ነበረበት። ሴትዮዋ ደግሞ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ትጠይቃለች። ግንዱ ላይ ጸጉር አወጣ? ቅጠሉን ስታሸው እጅህ ላይ ምን ዓይነት ቀለም ቀረ? በብብቱ በኩል የሚወጣውን ጭራ ቆረጥክለት? ቡሎን ቲማቲም ብብት እንዳለው የሰማው ያን ቀን ነው። ሳይነቃበት ለመዋሸት ሲል በምሳ ሰዓት ከጋራዡ ጀርባ ያለ የሰው ማሳ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ቲማቲም ማጥናት ጀመረ። የማሳው ዘበኛ ዱላ ይዞ መጣና፣ «ሰውዬ፣ ትሰርቃለህ ወይስ ትሄዳለህ?» አለው። «ላያቸው ብቻ ነው» ሲለው ዘበኛው ጭራሽ ተጠራጠረ።

ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ አንድ ቀን ራሱን አጋለጠ። «ዛሬ አንዱ ቀላ ብሏል» አለ፣ ደስ ሊያሰኛት ብሎ።

መርፌዋ አየር ላይ ቆመ። «በሶስት ሳምንት?»

«ሻይሽ ነዋ!»

«ሻዬ ቲማቲም ያሳድጋል እንጂ የቀን መቁጠሪያ አያዞርም።»

«እ... ፀሐይዋ አርፋበት ይሆናል። ተሳስቼ ነው።»

«ይሆናል» አለችና መስፋቷን ቀጠለች።

አስራ ሁለተኛዋ ግን በሕይወት ነበረች። ግንቡ ጥግ፣ ባልዲው ያላዳረሳት ያቺ ቀጫጫ። ቡሎን ከሞቱት መሀል ተንበርክኮ ሲያያት ልቡ እንደ ልጅ ዘለለ፣ ወዲያውም ፈራ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሰጣታል፤ እሷም ባለችበት ቆማለች፣ አታድግም አትሞትም፣ ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል። ርቧታል። ሊያበላት ደግሞ እጁ ገዳይ ነው። ምን እንደበደለ እንኳ በትክክል አያውቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ጊዜ ነው መጠየቅ ያማረው።

«ስሚ» አለ አንድ ምሽት፣ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ። «ጋራዣችን ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ።»

«እሺ።»

«እሱም እንዳንቺ ሻይ ሊያፈላ ሞክሮ... በርሜሉን ከደነው።»

«ውይ» አለች። «ሰውዬው ደደብ ነው?»

ቡሎን ጉሮሮውን ጠረገ። «ደደብ እንኳ አይደለም። በሙያው የተከበረ ነው።»

«በሙያው የተከበረ ደደብ አለ’ኮ። እሺ፣ ለምን ከደነው?»

«አየር እንዳይገባ።»

ሴትዮዋ ልብሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው፣ ተናገረች። «ለዚያ ሰውዬ ንገረው። ብስባሽ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። አትክልቱን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ስኳሩም የነሱ ነው። እነሱ እንደኔና እንዳንተ ይተነፍሳሉ። የማማስለው ትንፋሽ እንዲያገኙ ነው። ከከደንክባቸው ታፍነው ይሞታሉ፤ ትንፋሽ የማይወዱት፣ ግማት የሚወዱት ደግሞ ቤቱን ይወርሱታል። ደህናው ሻይ ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው።»

«መጥፎውስ?»

«መጥፎው እንደ ፈነዳ የፍሳሽ ቱቦ ነው የሚሸተው» አለች፤ ልብሷንም አንስታ መስፋት ቀጠለች።

ቡሎን ጆሮው ጋለ። ያወቀች መሰለው፣ ደግሞ ያላወቀች መሰለው። ለመጠየቅ ወኔ አጣ።

«ሰውዬው ችግኞቹ ሞቱበት?» አለችው ከጥቂት ጊዜ በኋላ።

«አንድ ተርፋለታለች።»

የሴትዮዋ ጣቶች ቆሙ። «አንድ አለችው?»

«አንድ አለችው።»

«እንግዲያው በርሜሉን በደንብ ይጠበው። ፀሐይ ላይ ያድርቀው። እና ንገረው፣ አንድም ብትሆን አለች። እንዳይቸኩልባት።»

በማግስቱ በርሜሉን አጠበ፣ አደረቀ፣ እንደገና ሞላ። ክዳኑንም አውጥቶ ጣለው። አሁን የጎደለው ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ! የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ያለው ሰው ትንፋሽ ይቸግረዋል? ከጋራዡ በጋሪ ጭኖ አመጣው፣ ቱቦውን እስከ በርሜሉ ቂጥ አወረደ፣ ከፈተው። የቡሎን እጅ ደግሞ ትንሽ የሚባል ነገር አያውቅም። በርሜሉ እንደ ሐይቅ አውሬ አጓርቶ ግማሹን ውሃ ወደ ሰማይ ተፋው፤ ውሃው ግንቡን ተሻግሮ ገመድ ላይ የተሰጡ አራት ነጭ ሽርጦችና አንድ ዳቦ ጋጋሪ ላይ ወረደ።

ከዚያ ከግንቡ ማዶ፣ «ጋሼ» አለ አንድ የደከመ ድምፅ፣ «እኔ የዱቄት ሰው ነኝ። እባክዎ እንደ ጎመን አያጠጡኝ።»

ከፊት ክፍል ደግሞ ሳቅ ተሰማ። እግሯ ከተሰበረ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

ስለዚህ የቀረው የማማሰያው እንጨት ነው። የእሷ እንጨት ግንቡ ላይ ተደግፎ ነበር፤ ጫፉ ጠቁሮ፣ መያዣው በእጇ ተሞርዶ ለስልሶ። ቡሎን አነሳውና በርሜሉ አጠገብ ሲቆም እግሩ ጎድጓዳ ነገር ረገጠ። መሬቱ ላይ ሁለት ትንንሽ የእግር ቦታዎች ነበሩ፣ በመቆም ብዛት የተቦረቦሩ። የሱ እግር አልገባ አለ። ጫማውን አውልቆ እንኳ ተረከዙ ተረፈ። በጎን በኩል ቆመና ማማሰል ጀመረ።

ማማሰል ሲባል ቀላል ይመስላል። ወደ ቀኝ ታዞረዋለህ፣ መሀሉ ጉድጓድ እስኪሆን፤ ከዚያ ወደ ግራ ትመልሰዋለህ፣ ውሃው እየተናደ አየር እንዲውጥ። እንደገና ወደ ቀኝ። ትከሻ ይቆረጥማል። ሩብ ሰዓት ረጅም ነው፤ ሌላ የሚሰሩት ነገር የለም፣ ዝም ብሎ ማየት ብቻ። ቀና ሲል በቀጥታ የሚታየው የወጥ ቤቱ መስኮት ነው። በመስኮቱ ውስጥ ጠረጴዛው። ከጠረጴዛው ኋላ የሱ ወንበር።

ቡሎን እንጨቱን ይዞ ቆመ።

እሷ ለዓመታት በየጠዋቱ እዚህ ቆማ እሱን ስታየው ኖራለች ማለት ነው። ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቁርስ ዘገየ ብሎ ሲጮህ። ምን ትል ነበር በሆዷ? አንድ ቀንም ወጥቶ «ትከሻሽ አይደክምም ወይ?» አላላት። ጨዋታ ነበር የሚመስለው። ሴትዮዋ ከጎመን ጋር የምትጫወተው ጨዋታ። ባዶውን ወንበር ሲያየው የገዛ ፊቱን እዚያ ያየው መሰለውና አፈረ። ማንም ሳያየው ማፈር ደግሞ ከባድ ነው፤ የሚክዱለት ሰው የለም።

ውሃው መዞር ማቆሙን አየና ደንግጦ ማማሰሉን ቀጠለ።

በሶስተኛው ቀን ጠዋት ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ዝናብ የነካው አፈር። ሌላ ምንም። አንድ ጣሳ ቀዳ፣ አስር ጣሳ ውሃ ቆጠረ፣ ስቶ እንደሆነ ብሎ አፍስሶ እንደገና ቆጠረ። ቀጭን ሻይ መሰለ። ግንቡ ጥግ ላለችው ስሯ ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰላት። የዚያን ቀን ጋራዥ ውስጥ አንድ ቡሎን እንኳ በወጉ ሳያስር ዋለ።

አልሞተችም። በሳምንቱ አናቷ ላይ አዲስ ቅጠል ወጣ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ሕፃን ጆሮ የተጠቀለለ። ቡሎን ሮጦ ፊት ክፍል ገባና፣ «ቅጠል አወጣች!» ብሎ ጮኸ።

«ማን?» አለች ሚስቱ።

«እ... የሰውዬው!»

«እሰይ» አለች። «እንኳን ደስ አለው በለው።»

ስድስተኛው ሳምንት ደረሰ። ጀሶው ተቆረጠ፣ እግሯ ከሲታ ሆኖ ወጣ፣ ሁለት ክራንች ተሰጣት። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ በፊት በር ገብታ አልጋዋን፣ መስኮቷን፣ ወንበሯን ሁሉ አልፋ ወደ ጓሮ በር አቀናች። ቡሎን ከፊቷ ሄዶ በሩን ተደገፈ።

«ትንሽ ብታርፊስ?»

«ስድስት ሳምንት አርፌአለሁ።»

«ስሚኝ...»

«ዞር በል፣ አንተ ሰው።»

ዞር አለ። ክራንቿ ኳ፣ ኳ እያለ ወጣች። መደቡ ባዶ ነው፤ የሞቱትን ነቅሎ አፈሩን ገልብጦታል። ከግንቡ ጥግ አንዲት ብቻ፣ እስከ ጉልበት ደርሳ፣ በእንጨት ተደግፋ፣ በጨርቅ ቁራጭ ላላ ተደርጋ ታስራ ቆማለች። አምስት ቢጫ አበባ አላት። ስር በኩል የለውዝ ታህል አረንጓዴ ፍሬ፣ ከአሁኑ የተሸነሸነች።

ቡሎን ከኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ። «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

«የቱ ሰውዬ?» አለች፤ ከዚያ ዘወር ሳትል፣ «በሙያው የተከበረው?»

«ታውቂ ነበር?»

«አርባ ዓመት በርሜል ያማሰለ አፍንጫ የፍሳሽ ቱቦ ተብሎ ይታለላል? በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ክራንቿን አስተካክላ አንዱን አበባ በጣቷ ቀና አደረገችው። «ያን ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ልሰድብህ ስድብ ስመርጥ ነው ያደርኩት። በኋላ መጣህና አስራ ሁለቱም ቀጥ ብለዋል አልከኝ። በማግስቱ ደግሞ ግንዳቸው ጸጉር አወጣ፣ እጄን አረንጓዴ አደረገው አልከኝ። ከየት ነው የሚያመጣው እያልኩ ስሰማህ የእናቴ ጓሮ ታየኝ። እሷም እንደዚያ ነበር የምታወራው። አስራ ሁለቱም አንተ አፍ ላይ በሕይወት ነበሩ። ላስገድላቸው አልፈለግኩም።»

ቡሎን የችግኟን መደገፊያ እንጨት አቃና።

«ቀላ ብሏል ስትል ግን ልገልህ ነበር» አለች።

«እሱ እንኳ በዛ» አለ ቡሎን።

«ሌላውንስ እንደ ዘፈን አወረድከው እንጂ መች ዋሸህ።» ከዚያ በርሜሉን አየች፣ ክዳኑን ፈለገች። «ክዳኑ የታል?»

«ጣልኩት።»

«ዝናብ ሲመጣስ? በጎን ክፍተት ይተዋል እንጂ ይጣላል?»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗን ጠረገች። አስራ አንዱ ሞተዋል’ኮ፤ ሳቅ አያስነሳቸውም።

የመጀመሪያዋ ፍሬ ስትበስል፣ ትከሻዋ አረንጓዴ እንደሆነ ቀርቶ፣ ማንም አልበላትም። ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ከፈለቻት፣ ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ አወጣች፣ ሶስት ቀን አስቀምጣ አጠበችው፣ ወረቀት ላይ ዘርግታ አደረቀችው። ቡሎን ሲቆጥር መቶ ሰባት ሆነ። ደግሞ ሲቆጥር መቶ አስራ ሁለት።

ያን ትንሽ ጠርሙስ ከመደርደሪያ አውርዳ ዘሩን አንድ በአንድ ጨመረችበት። ውታፉን ጨርቅ በእጇ ይዛ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ተወችውና ጠርሙሱን ወደ ባሏ ገፋችው።

«ይሄኛው ይከደናል» አለች። «ይሄ ተኝቶ የሚከርም ነው። እርጥበት እንዳይገባበት።»

ቡሎን እጁን በሱሪው ጠረገ። ከጎማ ላስቲክ የሳንቲም ታህል ክብ ቆረጠ፤ ግሪስ አልቀባውም፣ ዘር ነው። ለጠርሙሱ አፍ የሚሆን አሮጌ የቆርቆሮ ክዳን አገኘ፣ ላስቲኩን ውስጡ አነጠፈ፣ አሽከረከረው። እስኪይዝ አጠበቀው። ደግሞ አንዴ፣ በልማዱ፣ ትከሻውን ጨምሮ ሲጥ አደረገው።

ቀና ሲል ሚስቱ እያየችው ነው። ጣቶቿን አየ፤ በመርፌ የተበሳሱ፣ ቀጫጭን።

ጠርሙሱን እንደገና ያዘና ሩብ ዙር ወደኋላ ፈታው።

«እስኪ ሞክሪው» አላት።

በሁለት ጣቷ ያዘችው። ተከፈተ።